የሚፈርመው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ

ማይክ ዌብስተር ጥርሱ ሲወልቅበት በሱፐር ግሉ መልሶ ያጣብቀው ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ደግሞ ሰው ለማደንዘዝ የሚያገለግለውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ አንሥቶ ራሱን ይነዝር ነበር፤ ደንዝዞ እንዲተኛ። ይህ ሰው ለፒትስበርግ ስቲለርስ ተጫውቶ አራት ጊዜ የሱፐር ቦውል ዋንጫ በልቷል። በአሜሪካ ፉትቦል 17 ዓመት ቆይቶ፣ ከጨዋታ ወጥቶ፣ መኪናው ውስጥ የሚያድርበት ጊዜ መጣ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 ሲሞት ዕድሜው 50 ነበር።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ የማገኘው መልስ ያው ነው፤ «ወዶ የገባበት ነዋ! ብሩን ሲቆጥር የት ነበር?» መልሱን አልንቀውም፤ ራሴም ለዓመታት የምለው እሱኑ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቀበቶ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ስድስተኛ ፎቅ የሚደርሰው የቀን ሠራተኛ ለዕለት ጉርሱ ነፍሱን ሲያስይዝ ማን አለቀሰለት? ለኳስ ተጫዋች ለይቶ ማዘን ምን የሚሉት ነው?

ልዩነቱ ግን አለ። የቀን ሠራተኛው ከታች ያለውን መሬት ያየዋል። ዌብስተር አላየውም። ማየት የነበረባቸው ደግሞ መሬት የለም ሲሉ ኖሩ።

የዌብስተር ቦታ ሴንተር ነው። ኳሷን በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ ያቀብልና፣ ወዲያው ፊቱ ከቆመው ከመቶ ኪሎ በላይ ከሚመዝን ሰው ጋር ይላተማል። ይህን በአንድ ጨዋታ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ያደርገዋል። ሄልሜቱ የራስ ቅሉን ያተርፋል፤ ውስጥ በፈሳሽ የተከበበውን አንጎል ግን ከመናጥ አያስጥለውም። አንዱ ግጭት ራስ አያስትም፣ በቃሬዛም አያስወጣም። ጉዱ ድምሩ ላይ ነው።

የዌብስተር አስከሬን የደረሰው ቤኔት ኦማሉ ለሚባል ናይጄሪያ ተወልዶ ያደገ ፓቶሎጂስት እጅ ነበር። አንጎሉ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ ሌላ ሐኪም ቢሆን እዚያው ላይ ይዘጋው ነበር። ኦማሉ ግን በስሱ አስቆርጦ፣ ቀለም አስነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲያየው «ታው» የሚባለው ፕሮቲን ሊኖር በማይገባው ቦታ ሁሉ ተጠራቅሞ አገኘው። ከተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣ የአንጎል በሽታ ነው ብሎ ግኝቱን በ2005 አሳተመ። ኤንኤፍኤል፣ ማለትም የፉትቦሉ ሊግ፣ የጭንቅላት ጉዳትን እንዲያጠና ያቋቋመው ኮሚቴ አባላት ጽሑፉ ይሰረዝ ብለው ለመጽሔቱ ጻፉ። ኮሚቴው በ1994 ሲቋቋም ሊቀመንበር የተደረገው የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም ነበር። ለጉልበት ሕመም እኔም እሄድለት ነበር፤ ለአንጎል ግን እንጃ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ወረቀት ነው። ኦማሉ ከመጻፉ ስድስት ዓመት በፊት፣ በ1999፣ የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ወኪሎች እኩል የሚቀመጡበት የሊጉ የጡረታ ቦርድ የዌብስተር ጉዳት ሲጫወት ጭንቅላቱ ላይ ከደረሰበት ምት የመጣ ነው ብሎ ተቀብሎ ነበር። በፋይል ውስጥ አዎን፣ በአደባባይ አይደለም። ሊጉ ጨዋታው ከአንጎል በሽታው ጋር ግንኙነት እንዳለው በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት በግልጽ ያመነው በ2016 ነው። አንድ ሰው ወዶ ገባ የሚባለው የሚገባበት ቤት መብራት ሲበራለት ነው።

አሁን መብራቱ በርቷል። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ በሽታውን አግኝተዋል። (አንጎሉን የሚለግሰው ቀድሞውኑ የተጠራጠረ ቤተሰብ ስለሆነ ቁጥሩን ለሁሉም ተጫዋች ማዋል አይገባም፤ ቢሆንም ያስደነግጣል።) እንግዲህ ዛሬ የሚፈርመው ልጅ አውቆ ነው የሚፈርመው። በቃ?

አይመስለኝም። ጉልበቱን የሸጠ ሰው ጉልበቱ ሲከዳው ወንበር ስቦ ሒሳቡን ያስባል፤ ተበደልኩ ይላል፣ ጠበቃ ይይዛል፣ ይጸጸታል። አንጎሉን የሸጠ የሚያስብበትን ነው የሸጠው። በ22 ዓመቱ የፈረመው ጎረምሳና በ45 ዓመቱ የቤቱ መንገድ የሚጠፋበት ሰውዬ ተገናኝተው አያውቁም፤ ብሩን አንዱ ወሰደ፣ ዕዳው ለሌላው ተላለፈ። ማታ ማታ ወጥቶ እንዳይጠፋ በሩን የምትቆልፈው ሚስትም አብራ ትከፍላለች። ውሉ ላይ የእሷ ስም የለም።

ብሩም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። በቤዝቦል የተፈረመ ውል ባጠቃላይ ተጫዋቹ ቢሰናበትም ይከፈላል፤ በኤንኤፍኤል ግን ብዙ ጊዜ ዋስትና ያለው ከፊሉ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ከሰው ሊጉ በ2013፣ 765 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ (ጣሪያው በኋላ ተነሥቷል) የመርሳት በሽታ ክፍያው የሚለካው የማሰብ ችሎታቸው ምን ያህል እንደወረደ ተፈትሾ ሆነ። በዚያ ፍተሻ ላይ ጥቁሮች ሲጀመርም ዝቅ ካለ ቦታ ይነሣሉ የሚል ስሌት ይሠራበት ነበር። ከዝቅታ የተነሣ ሰው መውረዱ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ትንሽ የወረደ ደግሞ አይከፈለውም። ሊጉ ስሌቱን አቆማለሁ ያለው በ2021 ነው፤ ያውም ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ከስሰው፣ ጉዳዩ አደባባይ ከወጣ በኋላ።

ጨዋታው ይከልከል አልልም። ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው በገላው እንዲነግድ ከተፈቀደለት እኔ ማን ነኝ? ግን «ወዶ ነው» የሚለው ቃል የሚያገለግለው ለመግባቱ እንጂ ለዕዳው አይደለም። ዕዳው ቲኬቱንና የቴሌቪዥን መብቱን የሸጠው ዘንድ መቅረት አለበት፤ የታመመው ሰውዬ መታመሙን ሊያስረዳ ፍርድ ቤት ሳይንከራተት፣ ዕድሜውን ሙሉ ይታከም።

ክሪስ ቦርላንድ በ2015 የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ተጫዋች ነበር። ገና 24 ዓመቱ ነው፤ አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ፣ ጥናቶቹን አንብቦ፣ በቃኝ አለ። ከፊርማ ክፍያውም ሦስት አራተኛውን መለሰ። ያ ልጅ የ45 ዓመቱን ሰውዬ ሄዶ ያናገረው ይመስለኛል። ግን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዘ ልጅ ነው፤ ሌላ መንገድ የሚታየው። እናቱን ከኪራይ ቤት የሚያወጣው ይህ ብር ብቻ የሆነበት ልጅ በምን አፉ በቃኝ ይላል?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ባለፈው ነሐሴ፣ እሷ ዘንድ ሳለሁ፣ ለማታ ፈረቃ ልትወጣ ስትል የ14 ዓመቱ ልጇ ወረቀት አቀረበላት። ሃይስኩል ገብቶ ፉትቦል መጫወት ፈልጓል፤ ስለ ጭንቅላት ምት አንብበናል፣ ገብቶናል ብላ መፈረም አለባት። የመኪና ቁልፏን እንደያዘች ቆማ አነበበችው፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር።

«ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ ሲመታ ነው በዛ የሚባለው?»

ገልብጬ አየሁት። «እሱን አይልም።»

«እማዬ፣ ይረፍድብሻል እኮ» አለ ልጁ።

ፈረመች። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፋው ኖሮ ሰርዛ በፈረንጆቹ ደገመችው።