ከመምህሩ ደብተር፦ ባል ዜጋ ሲሆን የሚስትና የልጆች ጉዳይ

ዛሬ ከትምህርት ነገር ትንሽ ወጣ እንላለን። ሰሞኑን የአንድ ተማሪዬ እናት ክፍል ድረስ መጥታ፣ «መምህር፣ አሜሪካ ያለው ባለቤቴ ሲቲዝን ሆነ። እንግዲህ እኔም ዜጋ ሆንኩ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደስታዋን ማቀዝቀዝ ከብዶኝ ነበር፤ ግን መዋሸትም አልቻልኩም።

አልሆነችም። በአሜሪካ ሕግ የባል ዜግነት ለሚስት፣ የሚስትም ለባል በራሱ አይተላለፍም። የሚለወጠው የቆሙበት ሰልፍ ነው። ባልየው ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ ሳለ ያመለከተላት ሚስት በየዓመቱ በቁጥር የተወሰነ ኮታ ባለው ሰልፍ ውስጥ ናት፤ ማመልከቻው ቢፈቀድም ተራዋን ትጠብቃለች። የዜጋ ሚስት ግን ኮታ የለባትም። ለእሷ አዲስ ፎርም መሙላትም አያስፈልግም፤ አይ-130 የሚባለው የቀድሞው ማመልከቻ ያገለግላል። ባልየው የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ኮፒ ጉዳዩ ላለበት ቢሮ መላክ አለበት። እሱ ካላሳወቀ ማን ያሳውቅላታል?

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ጣጣው ያለው ልጆቹ ላይ ነው። በግሪን ካርዱ ሰልፍ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች የሆኑና ያላገቡ ልጆች በእናታቸው ማመልከቻ ላይ ተንጠልጥለው መሄድ ይችላሉ። አባት ዜጋ በሆነ ጊዜ ግን ያ መንጠልጠያ ይቀራል። እናት ብቻዋን ትቆማለች፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ለየብቻው አይ-130 መግባት አለበት፣ ክፍያውም ለየብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ የእናትየዋ ቪዛ ሲደርስ ልጆቹ የሉበትም ቢባሉ ምን ይውጣቸዋል? እሷ ሄዳ በራሷ ግሪን ካርድ ታመልክት ቢባል ልጆቹ እንደገና ወደ ሰልፉ መግባታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት ዜጋ የሆነ አባት ወይም እናት ያስገባው ማመልከቻ የልጁን ዕድሜ ባስገባበት ቀን ላይ ያቆመዋል። ያን ቀን ልጁ 21 ካልሞላው፣ ፕሮሰሱ ቢጓተትም እስካላገባ ድረስ እንደ ልጅ ይቆጠራል። አንድ ቀን ካለፈ ግን ለአዋቂ ልጆች ወደተመደበውና ዓመታት ወደሚፈጀው ሰልፍ ይዛወራል። (ሴት ልጅ ለመዳር የቸኮላችሁ ወላጆችም ይህን አስቡበት፤ ካገባች ጉዳዩ ሌላ ነው።)

ሌላውን በአጭሩ ልበል። ሚስት አሜሪካ ስትገባ ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት ካርድ የ2 ዓመት ብቻ ነው፤ ጊዜው ከማለፉ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ከባሏ ጋር ሆና ማመልከት አለባት። ከዜጋ ባሏ ጋር እየኖረች ግሪን ካርድ በያዘች በ3 ዓመቷ ለራሷ ዜግነት መጠየቅ ትችላለች፤ ለሌላው ሰው 5 ዓመት ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ግን በግሪን ካርድ ገብተው ከዜጋ አባታቸው ጋር ከኖሩ ወዲያው ዜጋ ይሆናሉ። እንግዲህ ልጆች እናታቸውን ይቀድማሉ ማለት ነው!

እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት በተለያዩ አገሮች ዜጎች ቪዛ ላይ እገዳዎችን ስላወጣ፣ እኔ የጻፍኩት ማን በየትኛው ሰልፍ እንደሚቆም ነው፤ ቪዛው መቼ እንደሚሰጥ አይደለም። ደላላ «አፋጥንላችኋለሁ» ቢላችሁ ግን ገንዘባችሁን አትስጡ።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ሦስት ልጆች አሏት። «ትልቁ 21 የሚሞላው መቼ ነው?» አልኳት። «በሚያዝያ፣ ገና ነው» አለች። ካርዱን አምጪው አልኳትና አየነው። በካምፓችን የብዙዎቻችን ልጆች ካርድ ላይ እንዳለው የልደቱ ቀን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። ሚያዝያ ብላ እናቱ ብትቆጥርም ቢሮው የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ ለማስተካከል ደግሞ ማስረጃና ጊዜ ይጠይቃል። ያኔ ጃንዋሪ ሊገባ የቀረው ሰባት ሳምንት ነበር።

የአየር ሰዓት አልነበራትምና በእኔ ስልክ ደወልን። ባልየው ከሥራ እየወጣ ነበር። የሁለቱን ትንንሾች ፎርም ጀምሯል፤ ትልቁን ግን «በእናቱ ላይ አለ» ብሎ ትቶት ነበር።