«ቻይው» ማለት ብቻ እርዳታ አይደለም

ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት፦

እስቲ ግለ ሂስ እናድርግ። በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ኦቲዝም ያለበት ልጇን ይዛ የምትወጣውን እናት «ቻይው፣ የእግዜር ቁጣ ነው» እያልን የምናልፈው እኛው ነን። ይህ ኋላ ቀር አነጋገር ይብቃ! ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ጉዳይ እንጂ እርግማን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት በገዛ ልጃቸው ችግሩን አይተው ነው።

ባለሙያዎች ወላጅ ዐይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ቀስ እያለ ቢያዳምጥ ጭንቀቱ ይቀላል ይላሉ። መልካም። ግን ልጁ ቁልቁል ወደ መኪና መንገድ እየሮጠ ማን ዐይኑን ይጨፍናል? ለቀብር ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች፣ በሕይወት ላለች ጎረቤት አንድ ሰዓት እንነፍጋለን። ወንዶችም አላችሁበት!

ቅዳሜ ከሰዓት በእድሩ ቤት ልጆቹን በተራ እንያዝላቸው። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ።