ተመዝና ባዶ እጇን የምትመለስ ነፍሰ ጡር

በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሶማሊያ ውስጥ ረሃብ መግባቱ ሲታወጅ፣ በዶሎ አዶ በኩል ድንበራችንን የተሻገሩት ሕፃናት ዛሬ እናት መሆን ጀምረዋል። በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ወይም በባዶ እግራቸው እየተጎተቱ ኮቤና ሂላወይን የስደተኞች መጠለያዎች የገቡት ሴት ልጆች፣ አሁን እዚያው መጠለያ ውስጥ ለእርግዝና ክትትል ይሰለፋሉ። ጫማቸውን አውልቀው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ነርሷ ኪሎውን ትጽፋለች፣ ክንዳቸውን ትለካለች፣ ለደም ማነስ የሚሆን እንክብል ሰጥታ ትሸኛቸዋለች። ከዚያስ?

ቁመት የዘር ነገር ነው እየተባለ ይታለፋል። ዘር ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ሴት ልጅ በማህፀን ሳለችና በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የተራበችው ረሃብ አጥንቷ ላይ ይቀራል። ቀንጭራ ያደገች ልጅ አጭር እናት ትሆናለች፤ ዳሌዋም ሊጠብ ይችላል። ምጥ የሚጠናባት፣ ልጇም ክብደቱ አንሶ የሚወለድባት አጋጣሚ ከሌላዋ ይበዛል። ኦፕራሲዮን የሚደረግበት ሆስፒታል ከመጠለያው ሩቅ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለችው እናት የት እንደምትወልድ ምጥ ሳይጀምራት ሊታሰብበት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ፍርሃት አለ። «ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል» የሚለው ምክር በአገራችን በብዙ አካባቢ ይነገራል። ምክሩን ከሞኝነት አልቆጥረውም፤ በምጥ የሞተች ሴት የቀበረ ሰው ምክር ነው። ሆኖም ከልጁ ላይ የሚጎድለው ኪሎ የእናቲቱን ዳሌ አያሰፋም። ትርፉ የደከመ ጨቅላና ደሟ ያነሰ አራስ ነው። ፍርሃቱ የሚወገደው አምቡላንስና ሐኪም በሰዓቱ ሲገኙ እንጂ ሴትዮዋን በመገሠጽ አይደለም።

ጋምቤላ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ከደቡብ ሱዳን የመጡት የኑዌር ሴቶች ብዙዎቹ መለሎዎች ናቸው፤ እግራቸው ረጅም፣ አካላቸው ቀጭን ነው። ክብደት ለቁመት የሚሰላበት ምጣኔ እንዲህ ያለውን አካል ጤነኛም ቢሆን ከሲታ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። በአንጻሩ ቀንጭራ ያደገችው እናት ምጣኔዋ ደህና ስለሆነ ብቻ ችግሯ ሳይታይ ታልፋለች። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የእርግዝና ክብደት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ለአሜሪካ ሴቶች የወጣ ነው። ምጣኔዋ ከ18.5 በታች የሆነች ሴት በእርግዝናዋ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ፣ መካከለኛዋ ደግሞ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ እንድትጨምር ይመክራል። ከእሱ በፊት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው መመሪያ አጫጭር ሴቶች ወደ ዝቅተኛው ቁጥር እንዲጠጉ ይል ነበር፤ ኋላ ይህ ቀረ። የመመሪያው ሠንጠረዥ ይጣል አልልም። ግን ለእናቲቱ ከሠንጠረዡ ይልቅ የራሷ የክብደት መስመር ይበልጥባታል እላለሁ፤ ባለፈው ወር ስንት ነበረች፣ ዛሬስ ስንት ሆነች?

ብዙዎቹ ክትትል የሚጀምሩት ዘግይተው ስለሆነ ከእርግዝና በፊት የነበራቸውን ክብደት የሚያውቅ የለም። በ5ኛው ወር የተመዘነው ኪሎ ውስጥ ጽንሱ፣ የእንግዴ ልጁ፣ የእንሽርት ውሃውና የጨመረው ደም አሉበት፤ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ሴትዮዋ ገላ ብዙ አይናገርም። የክንድ ልኬት በእርግዝና ወቅት እምብዛም ስለማይለዋወጥ ጠቃሚ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፦ ክንዷ ከመለያው ከ23 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያለፈ፣ ግን ለሁለት ወር አንድ ኪሎ እንኳ ያልጨመረች ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ትሸኛለች።

ወደ ምግቡ ልምጣ፤ አንጀቴን የሚበላው እሱ ነውና። የአንድ ስደተኛ ሙሉ የቀን ቀለብ 2,100 ካሎሪ እንዲሆን የታሰበ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ግን የእርዳታ እህል ተሰርቋል ተብሎ በመላ አገሪቱ ያለው የስደተኞች ቀለብ ለወራት ተቋረጠ። ሌባው ማንም ይሁን ማን፣ ቅጣቱ ያረፈው በነፍሰ ጡሯ ላይ ነው። በእነዚያ ወራት የነበረ ጽንስ እህሉ እስኪመለስ ድረስ ማደጉን አቁሞ አይጠብቅም። ቀለብ በሚሰጥበት ጊዜም ቢሆን ከስንዴው ላይ ለወፍጮና ለማገዶ ይሸጣል። ለነፍሰ ጡሯ ተብሎ የተሰጠው ፋፋ ገንፎ ሲሆን ልጆቹ ድስቱን ይከባሉ። ልጆቿ ዓይን ዓይኗን እያዩ ብቻዋን የምትበላ እናት የለችም፤ እንድትኖርም አልመኝም። «እንቁላል ብይ፣ ወተት ጠጪ» የሚለው የጤና ባለሙያ ምክር ትክክል ነው፤ ግን ከየት አምጥታ?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። የነፍሰ ጡር ተጨማሪ ምግብ ሲታሰብ የልጆቿም ድርሻ አብሮ ይታሰብ። ቀለብ መቀነሱ ግድ ሲሆን ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ተራው መጨረሻ ላይ ይሁን። በየጤና ጣቢያው መዝገብ ተዘግቶ የሚቀመጠውም ኪሎ ከቀለብ መጋዘኑ ሂሳብ ጎን ይቅረብ። ቀለብ በተቀነሰበት ወር ስንት እናቶች ክብደት ሳይጨምሩ ቀሩ? የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ለጋሾቹም ቀጣዩን ውሳኔ ከመፈረማቸው በፊት ይህ ቁጥር ጠረጴዛቸው ላይ ሊኖር ይገባል።