በድንገት የተጠራን ተጋጣሚ ማሸነፍ ምን ያህል ያስመሰግናል?

ቡጢን፣ ርግጫንና ትግልን በሚያጣምረው ኤም ኤም ኤ በተባለው ግጥሚያ፣ ተጋጣሚው የተጎዳ እንደሆነ ሌላ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ተጠርቶ ይተካል። ታዲያ ሻምፒዮኑ ይህን ተተኪ ቢያሸንፍ ምስጋናው ሙሉ ነውን?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ኢስላም ማካቼቭ አሌክሳንደር ቮልካኖቭስኪን ያሸነፈው አምስቱንም ዙር ታግሎ በዳኞች ነጥብ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ቻርልስ ኦሊቬራ ቅንድቡ ላይ ስለ ቆሰለ፣ ቮልካኖቭስኪ ሁለት ሳምንት ያልሞላ ጊዜ ሲቀረው ተጠርቶ አቡ ዳቢ ላይ ገጠመ፤ በመጀመሪያውም ዙር ራሱን በርግጫ ተመትቶ ወደቀ። ነገሩ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነውና፣ ክብደት መቀነስና ትንፋሽ ማጎልበት በጥቂት ቀን አይሞላም።

አንዳንዶች «ሻምፒዮኑም የተዘጋጀው ለሌላ ሰው ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ሉክ ሮክሆልድ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ በተጠራው በማይክል ቢስፒንግ ተመትቶ የሻምፒዮንነት ክብሩን አጥቷል። ሆኖም ሻምፒዮኑ የሚለውጠው ስልቱን ሲሆን፣ ተተኪው የሚጎድለው የሰውነት ዝግጅት ጭምር ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ ሻምፒዮኑ እምቢ ሳይል ክብሩን ለአደጋ በማጋለጡ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ድሉም ድል ነው። ነገር ግን የማካቼቭን ብልጫ የሚመሰክረው፣ ሁለተኛው ድል ዓይን የሚስብ ቢሆንም፣ ሁለቱ ተዘጋጅተው የተገናኙበት ያ አድካሚው የመጀመሪያ ግጥሚያ ነው። ውድ አንባብያን፣ አሸናፊውን ስናወድስ፣ ጉድለቱን እያወቀ ለገባው ተሸናፊም የድርሻውን አንንፈገው።