የወጀብ ምልክት

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ የመርከብ አዛዥ ነው። አገሩ እንግሊዝ፣ ስሙ ሮበርት ፊዝሮይ ይባላል። የተወለደው በ1805 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፊዝሮይ ቢግል በምትባል መርከብ ከ1831 እስከ 1836 ዓለምን ዞረ። የደቡብ አሜሪካን የባሕር ዳርቻ እየለካ ካርታ ሠራ። የታወቀው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊንም አብሮት ነበር። ስለ ዳርዊን ብዙ ይወራል፤ እኛ ግን ወደ አዛዡ እንመለስ።

በ1859 በጥቅምት ወር ብርቱ ወጀብ ተነሣ። ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ ከአውስትራልያ ስትመለስ፣ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ በዌልስ ዳርቻ ከአለት ጋር ተላትማ ተሰባበረች። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ወርቅ ሲቆፍሩ ቆይተው ወደ አገራቸው የሚገቡ ነበሩ።

ፊዝሮይ ያን ጊዜ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ወጀብ ቀድሞ ሊታወቅ ይችላል አለ። እንዴት አድርጎ? ወጀብ ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል፤ የቴሌግራም ወሬ ግን ይቀድመዋል። ስለዚህ የየወደቡ የነፋስና የአየር ሁኔታ በቴሌግራም ለንደን ይደርሳል። የሚያሰጋ ነገር ካለ ለንደን ለወደቦቹ ቶሎ ታስታውቃለች። በወደቡ ምሰሶ ላይ ከሸራ የተሠራ ምልክት ይሰቀላል። ሹል ጫፉ ወደ ላይ ከሆነ ኃይለኛ ነፋስ ከሰሜን ይመጣል፤ ወደ ታች ከሆነ ከደቡብ። ፊደል ያልቆጠረ ዓሣ አጥማጅም አይቶ ይረዳዋል። ይህ ሥራ በ1861 ተጀመረ። በዚያው ዓመት የሚመጣው አየር በጋዜጣ ይወጣ ጀመር።

ፊዝሮይ «ይህ ትንቢት አይደለም» ይል ነበር። እኛ ደግሞ ዛሬ «ትንበያ» እንለዋለን፤ ቃሉ የትንቢት ወንድም ነው። ቢሰማን ሳይቆጣ አይቀርም!

ግምቱ አንዳንዴ ይሳሳት ነበር። ያኔ ይሳቅበታል። ምልክቱ ሲሰቀል ጀልባ ከወደብ አይወጣምና አንዳንድ ባለጀልባዎችም ገቢያችን ቀረ ብለው አጉረመረሙ። ፊዝሮይ የራሱን ገንዘብ ለመንግሥት ሥራ ጨርሷል፤ ጤናውም ተጎድቷል። በ1865 በገዛ እጁ ሞተ።

በ1866 ምልክቱ እንዲቀር ተደረገ። የባሕር ሰዎች ግን ዝም አላሉም፤ «ምልክታችን ይመለስልን» አሉ። በ1867 ተመለሰላቸው።

የመሠረተው መሥሪያ ቤት ዛሬም ይሠራል። በ2002 ከስፔን ሰሜን ምዕራብ ያለ የባሕር ክልል በስሙ ተጠራ። የእንግሊዝ ሬዲዮ ለመርከበኞች የአየሩን ሁኔታ ሲያነብ «ፊዝሮይ» ይላል፤ ቀጥሎም የዚያን ባሕር ነፋስ ይናገራል።