የሩቅ መንገድ ዕቅድ

በክፍላችን የሚማሩ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው መርሐ ቤቴ ተድራ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። እናትየው ከመሐል ሜዳ አጠገብ እስከ ዓለም ከተማ በእግራቸው ሊሄዱ ቆረጡ። ጊዜው የመስከረም መጀመሪያ ነበር። «ልጄ፣ ቁጥር አስተምረኸኛል፤ እስቲ መንገዴን አብረን እናስላው» አሉኝ። የዚያን ማታ ሌላውን ትምህርት ትተን ጉዞውን በሰሌዳ ላይ ጻፍነው። ለሌላም መንገደኛ ይጠቅማልና እነሆ።

መጀመሪያ አገሩን እንወቅ። የመንዝ ደጋ ብዙው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ግድም ነው። ጓሳማ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። በምዕራብ በኩል ግን መሬቱ ድንገት ይቆረጣል። አዳባይና ወንጭት በገደሉ ሥር ይወርዳሉ። ወደ መርሐ ቤቴ የሚሄድ ሰው ከውርጭ አገር ተነስቶ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና አቀበት ይወጣል። 1000 ሜትር ሲወርዱ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ጠዋት ባና ለብሶ የተነሳ ሰው በቀትር ጥላ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ሰዓቱን አሰላን። በ1892 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ አንድ ስሌት አውጥቶ ነበር። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዝ፤ ለ600 ሜትር አቀበት ደግሞ 1 ሰዓት ጨምር ይላል። መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱም 600 ሜትር ቢሆን 3 ሲደመር 1፣ 4 ሰዓት ይሆናል። ይህን ስጽፍ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ሳቁ። «ያ ሰውዬ የተጫነ አህያ ነድቶ አያውቅም!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጭቃ አለ፣ ዕረፍት አለ፣ ቁልቁለቱም ጉልበት ይበላል። ስለዚህ 4ቱን ሰዓት 6 አደረግነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ቀን 6 ሰዓት ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነውና ይህ ደግ ነው።

ትልቁ ነገር ማደሪያው ነው። በስዊስ አገር በየተራራው የመንገደኛ ጎጆ ስላለ ሰው ከጎጆ ጎጆ እያደረ ብዙ ቀን ይጓዛል። በእኛም አገር የመቄት ገበሬዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ጓዙን በአህያ ጭነው፣ እንግዳ ከመንደር መንደር ማስጎብኘት ጀምረው ነበር። በጓሳም የአካባቢው ሕዝብ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። የእኛ መንገደኛ ግን የሚያድረው በሰው ቤት ነው። «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ይገባል፤ እግሩን ይታጠባል።

እናታችን ሦስት ማደሪያ ቆጠሩ። የመጀመሪያው የእህታቸው ልጅ ቤት ነው። ሁለተኛው ከገደሉ አፋፍ ያለው የአበልጃቸው ቤት ነው። ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ፣ የማያውቁት ሰው ዘንድ ነው። ለዚያ ሰው በገበያተኛ መልእክት ላክን። በዚያው ሰው እጅ ለልጅቱም «ምጥ ከመጣ እናትሽን አትጠብቂ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ብለን ላክን። በየማደሪያው አንጻር ቀኑን ጻፍን። አንዱን ወረቀት እሳቸው ያዙ፣ ሌላው ባለቤታቸው ዘንድ ቀረ። ቢዘገዩ የት እንደሚፈለጉ ይታወቃላ!

በሰው ቤት ሲያድሩ የራስን ባና መልበስ ይሻላል። አስተናጋጁን መናቅ አይደለም። ቅማል ተስቦንና ግርሻን ከሰው ወደ ሰው ታጋባለች። ቆላ ያደረ ሰው ደግሞ አጎበር ካገኘ ከአጎበር ውስጥ ይተኛ። ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ትኩሳት ቢይዘው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ቆላ አድሬ ነበር» ብሎ ይንገር። ወባ ሊሆን ይችላል።

በስንቁ ተከራከርን። ጉዞው 4 ቀን ነው። እኔ የ6 ቀን በሶና ቆሎ ይያዙ አልኩ። «ሸክም ታበዛብኛለህ፤ አበልጄ አያስርበኝም» አሉ። መስከረም ግን በብዙ ቤት ጎተራው የሚራቆትበት ጊዜ ነው። አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ነው። አበልጅ ያለውን ያቀርባል፤ ልጆቹ ግን ይጎድልባቸዋል። በመጨረሻ እያጉረመረሙ ያዙ።

የወንዙን ነገር በስሌት አልጨረስነውም። ከራስ በላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ድንገት ይሞላዋል። ስለዚህ መሻገሪያውን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ በማለዳ፣ ውሃው ሲጎድል ብቻ ይገባል። ደፍርሶ የሚጮኽ ከሆነ አይገባም። እናታችን ልጃቸው እያማጠች በአፋፉ ተቀምጦ መጠበቅ እንዴት ይቻላል ብለው አለቀሱ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ባለቤታቸው ግን «ሞልቶ ከገባሽ ለልጅቱ መርዶ ነው የምትወስጂላት» አሏቸው። ዝም አሉ።

ወንዙ ሞልቶ ኖሮ በአበልጃቸው ቤት ሦስት ቀን ጠበቁ። በአራተኛው ማለዳ ጎደለ፤ ከአገሬው ሰዎች ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ።

ይህንን የሰማነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቷን ይዞልን ከመጣ ገበያተኛ ነው። በጀርባዋ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በራሳቸው እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ደረስኩ። ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው። በሶው አልበቃም።»