“ዋግ መታው” ማለት ብቻ አይበቃም

ስንዴ በዋግ ሲመታ ለቀጣዩ ዓመት የዘር ምርጫ ወሳኙ ነገር የዋጉ ማንነት ነው። ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ በሦስት የተለያዩ ፈንገሶች የሚመጡ ሲሆን፣ ምልክታቸውን አይቶ መለየት ይቻላል። የግንድ ዋግ ግን በውስጡ በዓይን የማይለዩ በርካታ ዝርያዎች አሉት።

እነዚህን የሚለየው ስንዴው ራሱ ነው። ከማሳ የመጣው ናሙና የመቋቋም ባሕርያቸው በታወቀ 20 የስንዴ ዓይነቶች ቡቃያ ላይ ይሞከራል። የታመሙትና የተቋቋሙት ተለይተው ለየአራቱ አንድ ፊደል ይሰጣል፤ በዚህም የዋጉ ባለአምስት ፊደል ስም ይገኛል። በአገራችን ሥራው በአምቦ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ይከናወናል።

የስሙ ፋይዳ በ2006 ዓ.ም በባሌና በአርሲ ታይቷል። “ዲጋሉ” የተባለው ስንዴ ቢጫ ዋግንና በኡጋንዳ የተገኘውን “ዩጂ 99” የተባለ የግንድ ዋግ ስለሚቋቋም በስፋት ተዘርቶ ነበር። “ቲኬቲቲኤፍ” የተባለው ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ግን አጠቃው፤ ብዙ ማሳዎችም ለከፍተኛ ጉዳት ተዳረጉ። ስንዴው ያው ቢሆንም ጠላቱ ሌላ ነበር።

ስለዚህ ከቀበሌ ወደ ወረዳ የሚላክ ሪፖርት “ዋግ ተከስቷል” በሚል ብቻ መቋጨት የለበትም። የተዘራው የስንዴ ዝርያ፣ ቦታውና ቀኑ ሊጠቀሱ፣ የታመመው ግንድም ደርቆ በወረቀት ፖስታ ሊላክ ይገባል። በላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል። በተለይ “ይቋቋማል” የተባለ ስንዴ ታሞ ከተገኘ አዲስ ዝርያ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ጥቆማው መዘግየት የለበትም። የኬሚካል ርጭት ግን የላቦራቶሪ ውጤት አይጠብቅም። የዋጉ ስም የሚያስፈልገው ለከርሞው ዘር ነው።